ለማሽኑ ያልነገርኩት

ይሄን በእጅሽ ጻፊው ብያታለሁ፣ የልጅ ልጄን። ለዚያ ለማሽንሽ አትስጪው፣ ስልኩንም አፌ ላይ አትደቅኚብኝ፤ ጣትሽ ይልፋ። ዴንቨር ተወልዳ አውሮራ ላደገች ልጅ አማርኛ ደህና ትጽፋለች፤ ፊደል የቆጠረችው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ቀስ ነው የምትለው እንጂ። ቀስ ማለቷ ለኔ ደግ ነው።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ፊርማዬን እንኳ ሰው ጽፎ አሳየኝና እንደ ጥልፍ መልኩን ያዝኩት። ጭንቅላቴ ግን ይይዛል። የኪዳነ ምሕረት ማኅበር አለን፣ ሃያ አራት ሴቶች። በየወሩ በአሥራ ስድስት አንዷ ትደግሳለች፣ ቀኑ ሥራ ላይ ከዋለ ወደ እሑድ እንገፋዋለን። ተበልቶ ተጠጥቶ ጸሎት ከተደረገ በኋላ ባለተራዋ ጽዋውን አንስታ ለሚቀጥለው ወር ባለተራ ታስረክባለች። ተሳስመው ነው የሚረካከቡት። ሃያ አራት ሴት በወር አንድ ስትይ፣ ዙሩ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሆነ፣ ማን ስትወልድ ተራዋን ለማን እንዳሳለፈች፣ ማን በማን ቦታ እንደገባች፣ ይሄ ሁሉ ወረቀት ላይ የለም። እኔ ጋ ነው ያለው።

ስልኬ ይጮኻል። «እማማ፣ የኔ ተራ መቼ ነው?»

«የሰኔ ነሽ። ከነርሷ ተቀብለሽ ለፀጉር ሠሪዋ ታስረክቢያለሽ።»

ምስሬን እየለቀምኩ ነው የምመልሰው፣ ቀና እንኳ አልልም። ከሆቴል ሥራ ከወጣሁ ወዲህ ሰው እኔን የሚፈልግበት ነገር ይሄ ብቻ ነው። ይሄና ይቺ ልጅ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፣ ኮሌጅ እንደተከፈተ። እሷ ኤርፖርት ዊልቸር እየገፋች የኮምፒውተር ትምህርት ትማራለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፈተች። አየሁት። ጥቁር ሠሌዳ ነው። ሥዕል የለበት፣ የሚነካ ነገር የለበት፣ ነጭ ፊደል ብቻ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ተበላሸብሽ እንዴ?»

«አልተበላሸም እማማ። ተርሚናል ይባላል። ለክላስ ነው። እዚህ ጋ እጽፍለታለሁ፣ ውስጡ ኤአይ አለ። ኮዱን ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይሞክረዋል፣ ከተሳሳተ ራሱ ያርማል።»

«አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እኔማ የምፈልገውን እነግረዋለሁ።»

«እሱ እየሠራ አንቺ ቁጭ ብለሽ?»

«ያ! አዎ!»

«እመቤት ሆንሻ፣» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

አንድ መስመር ጻፈችና ኢንስቶል አደረገችው። ፊደሉ ከወንፊት እንደሚወርድ ጤፍ ወረደ። ከዚያ ቆመና ጠየቃት። «ምን አለሽ?» አልኳት። «ይሄ ፎልደር ውስጥ ያለውን ታምኚዋለሽ ወይ ይላል» አለችኝ። ገና እግሩን ከማስገባቱ እምነት ጠየቀ። እሷም አዎ አለችው፣ ወዲያው፣ አንድ ጣት ነክታ።

አስተማሪዋ ለእውነተኛ ሰው የሚጠቅም ነገር ሥሩ ብሏቸዋል። እሷም አሰበችና የኛን ማኅበር መረጠች። «ለአንቺ ብዬ ነው፣ ስልክ በየደቂቃው እንዳይጨቀጭቅሽ» አለችኝ። እኔን የሚጨቀጭቀኝ መስሏት። አልወቅሳትም፣ አልነገርኳትማ።

መጀመሪያ ላይ ባጭሩ ነው የጻፈችለት፤ ለማኅበር የተራ ዝርዝር ሥራልኝ ብላ። ሠራላት። ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ስታነብልኝ በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚሰበሰብ ማኅበር ሆኗል፤ አንዷ ሰላጣ፣ አንዷ መጠጥ፣ አንዷ የወረቀት ሳህን ታመጣለች ይላል። ሳቄ መጣ። ከአንጀቴ ሳቅኩ። ሰው ሲወድቅ አይሳቅም ይባላል፣ እሱ ግን ሰው አይደለም።

«አይ ያንቺ ሠራተኛ! የወረቀት ሳህን!»

«የኔ ጥፋት ነው፣» አለች፣ ተከላክላለት። «ስለኛ ምንም አልነገርኩትም።»

እንደገና ጀመሩ። አሁን በየእርምጃው ይጠይቃታል። ይሄን ፋይል ልክፈት? አንድ፣ አዎ። ሁለት፣ አዎ፣ ከእንግዲህ አትጠይቀኝ። ሦስት፣ አይሆንም። እሷ አንድ ትላለች። እንደገና ይጠይቃል፣ አንድ ትላለች። እኔ ምስር እየለቀምኩ ጆሮዬ እዚያ ነው። ይቺ ልጅ ትንሽ ሳለች ውሃ ለመጠጣት እንኳ እኔን ነበር የምትጠይቀው። አሁን እሷ ትጠየቃለች፣ በትሕትና፣ ሳይታክት። እሷም ስትጽፍለት ፕሊስ ትላለች። ሲጨርስ ታንክ ዩ ትላለች። ለኔ «ኦኬ ኦኬ እማማ» ነው።

አምስት ስድስት ጊዜ አንድ ካለች በኋላ ሰለቻትና ሁለት ልትነካ ጣቷን ስታነሳ፣ «ተይ!» አልኳት። ደነገጠች።

«ምን ሆንሽ?»

«ዛሬ ለገባ ሠራተኛ የሁሉን ክፍል ቁልፍ ትሰጫለሽ?»

ዳውንታውን ትልቅ ሆቴል ሃያ ዓመት አልጋ አንጥፌያለሁ። አዲስ ገቢ ሲመጣ የሚሰጡት ለኔ ነበር፤ ኤርትራዊቷም፣ ሜክሲኮዋም፣ ኔፓሏም በእጄ አልፈዋል። ቋንቋ አንግባባም፣ በእጅ ነው የማሳያቸው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ክፍል ሰጥቼ በሩ ላይ እቆማለሁ። ሲለምዱ አንድ ኮሪደር። ቀጥሎ አንድ ፎቅ። ማስተር ኪይ መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱንም እጃቸውን ካየሁ በኋላ። ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ የእንግዳ ጠረጴዛ ከመንካትሽ በፊት መነጽሩ የት ነበር፣ ወረቀቱ በየት ዞሮ ነበር፣ አይተሽ በልብሽ ታስቀምጫለሽ። ያጸዳሽው ሁሉ ወደነበረበት መመለስ አለበት። መመለስ የማትችይውን አትንኪ።

ይሄን ስላት አፏን ከፍታ አየችኝ። «እማማ፣ አስተማሪያችን እኮ ያለው ይሄንኑ ነው! ሥራ ከመጀመሩ በፊት የነበረውን ሴቭ አድርጉ፣ ከተበላሸ እንድትመልሱት ብሎናል። እኔ ዘልዬዋለሁ።»

«እንግዲህ አትዝለዪ።»

ወዲያው ተመልሳ ሴቭ አደረገች። ከዚያ ደግሞ ያልኩትን በእንግሊዝኛ ለሱ ጻፈችለት። መልስ ሰጠ። «ጥሩ አሠራር ነው፣ እንደሱ አደርጋለሁ አለ» ብላ ተረጎመችልኝ። እሱ ማነውና ነው እኔን የሚያመሰግን? ግን የከፋኝ ይሄ አይደለም። የከፋኝ በኋላ ነው፣ ምስሬን ስዘፈዝፍ። ሃያ ዓመት ሰው አሠልጥኜ አንዷም በቦታዬ አልገባችም። በሰባ ምናምን ዓመቴ ግን ወንበሬ ላይ የሚቀመጠውን በአፌ እያሠለጠንኩት ነው።

በሚቀጥለው እሑድ አዲስ ፋይል ከፈተች። ሠራተኛው ሁልጊዜ ከሥራው በፊት የሚያነበው ነው አለችኝ፤ ስለኛ ማወቅ ያለበት ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ወንበሯን ወደኔ አዙራ፣ «እንግዲህ ንገሪኝ፣» አለች። «ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለውን ሁሉ።»

ደስ አለኝ፣ ልዋሽ አይገባም። ለስንት ጊዜ ነው እንደዚያ ዞራ ያላየችኝ። ነገርኳት። ኤርፖርት የሚሠሩት ሦስቱ የእሑድ ሽፍት ስለማይቀየርላቸው ቅዳሜ ነው የሚደግሱት። አንዷ ሦስተኛ ፎቅ ናት፣ ሊፍት የለም፣ አሮጊቶች በበረዶ ስለማይወጡላት በረዶ በሌለበት ወር አድርጊላት። ሌላዋ ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላትም፣ ዘንድሮ አትጠየቅም። አዲስ ገቢ ከጭራ ነው የምትሰለፈው። አንዷ አገር ቀይራ ከሄደች ደግሞ ቀጥላ ያለችው ትጠጋለች፣ ደንቡ ይሄ ነው። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ እናገራለሁ። ምስሩ ውሃ ጠጥቶ አብጦ እስኪፈነዳ ተረሳ።

«ሌላስ?» አለች።

አንድ ነበር። አንድ የቀረ ነገር ነበር፣ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ።

«የለም፣» አልኳት።

«ሹር ነሽ? ያልነገርነውን አያውቅም እኮ።»

«የለም አልኩሽ!»

ለምን ደበቅኩ? ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ እሱን ከነገርኳት ሌላም መንገር ስላለብኝ ነው፤ እደርስበታለሁ። ሁለተኛው፣ ማሽኑ እንዲሳሳት ፈለግሁ። ሰው ፊት፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ባለበት፣ እንደዚያ እንደ ወረቀት ሳህኑ እንዲሳሳት። ከዚያ «እማማ ትሻላለች» እንዲሉ። ይሄንንም ጻፊው። ጻፊው ግድ የለም፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

መጀመሪያ ጳጉሜ ላይ ይወድቃል ብዬ ጠበቅኩ። ዓመቱ እያለቀ ነበርና። የፈረንጅ ማሽን ጳጉሜን ከየት ያውቃታል፣ አሥራ ስድስት የሌላትን ወር ለአንዷ ተራ አድርጎ ይሰጣል፣ ሴቲቱ በሌለ ቀን ትደግሳለች እያልኩ ለብቻዬ እስቃለሁ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። የልጅ ልጄ አነበበችልኝ፤ «የአሥራ ሦስተኛው ወር አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስለሆነ ተራ አላስቀመጥኩበትም፣ ልክ ነኝ ወይ ይላል።»

«ማን ነገረው?»

«ራሱ ያውቃል።»

እኔ ጳጉሜ ጠበል ወርጄ ነው ያደግሁት። እሱ ራሱ ያውቃል! ተነስቼ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ፣ ታጥቦ ያለቀውን ዕቃ።

የመስከረሙ ማኅበር አውሮራ እዚሁ ቅርባችን ነበር። ድግሱ ካለቀ በኋላ ልጄ ለሁሉም በየስልካቸው ላከችው። ሴቱ ሁሉ አንገቱን ደፋ። «እልል» አለች አንዷ። «የኔ ግንቦት ነው! ከማን እንደምቀበልም ይላል እኮ!» «ሳምንት ሲቀረው ያስታውሰናል?» «ያስታውሳል።» ሰብሳቢያችን፣ ሙሴ የምንላት፣ ተነስታ መረቀቻት። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «እንግዲህ እማማ ዕረፉ፣» አለችኝ። «ስንት ዘመን ተሸክመውን።»

ዕረፉ አለችኝ። በደግ ልብ ነው የተናገረችው። እኔ ግን ይሄን ቃል የሰማሁት ሆቴሉ ሲያሰናብተኝ ነው፣ ከኬክ ጋር።

ያኔ ነው ልጄ ጎኔ መጥታ፣ «አየሽ እማማ፣ ያንቺ ጥቅምት ነው፣» ያለችኝ። «ለማን እንደምታስረክቢ ላንብብልሽ?»

ቀና አልኩ። የምሸሻት አንዲት ማኅበርተኛ ከክፍሉ ማዶ፣ መስኮቱ ሥር፣ መነጽሯን አውልቃ ስልኳን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ታነባለች። አንብባ ጨረሰች። ቀስ ብላ አየችኝ።

ለማሽኑ ያልነገርኩት ይሄንን ነው። የኔና የሷ ተራ ተከታትሎ አያውቅም። በመካከላችን ሁልጊዜ ሰው አደርጋለሁ። ከሷ እንዳልቀበል፣ ለሷም እንዳላስረክብ፣ አንዷ ስትወጣ ሌላዋን አስገባለሁ፣ ምክንያት አላጣም። ተኳርፎ ጽዋ አይጠጣም፤ ቢታወቅ ሙሴ ሽማግሌ ትልክብን ነበር። ስለዚህ አናስነቃም። እንደምን አለሽ እንባባላለን፣ ጉንጭ ለጉንጭ ሳንነካካ እንሳሳማለን። መካከላችን የነበረችው ደግሞ በዚህ ክረምት ቴክሳስ ሄደች። እኔ በልቤ ሌላ ሰው አዘጋጅቼ ነበር፣ አልተናገርኩም። ማሽኑ ደንቡን አየ፣ አንዷ ከሄደች ቀጥላ ያለችው ትጠጋለች። አጠጋት። የነገርኩት እኔው ነኝ።

በማግስቱ ልጄ ከኤርፖርት እስክትመጣ ጠበቅኳት። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ያን ነገር አስተካክዪ፣» አልኳት። «እኔና እሷ መካከል ሰው አስገቢ።»

«ኦኬ። ፋይሉ ላይ እጽፋለሁ።» ከፈተችው። «ምክንያቱ ምንድነው?»

«ምን አገባው? ዝም ብሎ አይታዘዝም?»

«ይታዘዛል። ግን ምክንያቱን ካላወቀ ሌላ ቦታ ያበላሻል። ዘንድሮ ይለያያችኋል፣ በሚመጣው ዙር በሌላ በኩል ያገናኛችኋል።»

«ቤቷ ሩቅ ነው በይው።»

ነካ ነካ አደረገች። «ከኛ አራት ደቂቃ ነው።»

«ጉልበቷን ያማታል።»

«እማማ! ባለፈው ሳምንት ኤርፖርት አገኘኋቸው እኮ። ዊልቸር ላምጣልዎት ስላቸው፣ ለአሮጊት አምጪ ብለውኝ ጥለውኝ ሄዱ።»

«እንዲህ አለችሽ?»

«ደግሞ ጉንጬን ይዘው በጣም አዩኝ። እንደሚያውቁኝ ነገር።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጥቁሩ ሠሌዳ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ትጠብቃለች። እሱም ይጠብቃል፣ እሷም ትጠብቃለች።

«ታውቅሻለች፣» አልኳት።

ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል ሰፈር ነበርን ያኔ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ጀርባ፣ አሮጌ አፓርትመንት። በራችን ፊት ለፊት ነው፣ የኔና የሷ። እሷ ባልም ልጅም የላትም፤ ማታ ቢሮ ታጸዳለች፣ ቀን ቤት ናት። እናትሽ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፣ እኔ ሆቴል። አንቺ የስድስት ወር ነሽ። ስጡኝ አለች፣ ሰጠናት። ጧት አስረክባታለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እቀበላለሁ። ደግ ሴት ናት። ገንፎሽን እፍ ብላ አብርዳ፣ ጥፍርሽን በጥርሷ ከርክማ፣ ፀጉርሽን ቅቤ ቀብታ ታቆይሻለች። እኔ ደግሞ እንግዳ ትራስ ላይ የምናስቀምጣትን ቸኮሌት በኪሴ ይዤልሽ እመጣለሁ።

አንድ ቀን መጣሁ። እጄን ዘረጋሁ። አንቺ አንገቷን አቅፈሽ ፊትሽን ወደዚያ አዞርሽ።

ልጅ ነው፣ ይላል ሰው። በማግስቱም አዞርሽ። ቤት ወስጄሽ በሩን እያየሽ ታለቅሻለሽ። እኔ የወለድኳት የወለደቻት! ደሜ! አልጋ ሳነጥፍ ዓይኔ ላይ ትመጣለች፤ አሁን እሷ ናት የምታስቃት፣ አሁን እሷ ናት የምታስተኛት እያልኩ አንሶላውን እጠመዝዘዋለሁ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ስገባ ሁለታችሁም ወለል ላይ ናችሁ። «ነይ ነይ፣ እዪ!» አለችኝ በደስታ። አንቺ ቆመሽ። ሦስት እርምጃ ሄድሽ። ወደ እሷ።

ልጄ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «አንቺ ጋ ነው ያልሽኝ። የቀሚስሽን ጫፍ ይዤ፣ ወደ አንቺ። ሁልጊዜ የምትነግሪኝ...»

«ዋሽቼሽ ነው።»

ቀጠልኩ፣ ካቆምኩ አልጀምረውም ብዬ።

በዚያው ሳምንት ትኩሳት ያዘሽ። የልጅ ትኩሳት ነው፣ ሁለት ቀን ቆይቶ ለቀቀሽ። እኔ ግን አንቺን አቅፌ በሯን አንኳኳሁና እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ «ያልወለደ ሰው ዓይን ልጅ ይበላል፣» አልኳት። «ዓይንሽ ነው። ሁለተኛ እንዳታያት።»

ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ማታውን ብርድ ልብስሽን አጥባ፣ አጥፋ፣ በራችን ላይ አስቀምጣ ሄደች። ወር ሳይሞላ ቤት ለቀቀች። ከዓመታት በኋላ ሁላችንም አውሮራ ስንገባ ማኅበሩ ውስጥ አገኘኋት። ለማንም አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም። አንቺን ግን ብቻዬን ነው ያሳደግሁሽ እያልኩ ኖርኩ።

ልጄ እጇን ከላፕቶፑ አነሳች። ከዚያ የጠየቀችኝ ሌላ ነገር አይደለም፤ «ምን ብለው ነበር የሚጠሩኝ?» አለች።

እንዴት አድርጋ እንደጠየቀችው! ድምፅዋ ውስጥ ናፍቆት ነበረ፣ ለማታስታውሳት ሴት። እዚህ ላይ፣ ጥፋቴን ተናዝዤ ባላበቃሁበት፣ እንደገና ነደድኩ። «ረሳሁት» አልኳት። አልረሳሁም። የኔ ዳቦ ነበር የምትላት።

«እሺ እማማ፣» አለች። «ልጻፈው ወይስ ልተወው? አንቺ ነሽ የምትወስኚው።»

ሰረዟ ብልጭ ድርግም ትላለች። በእውነት ልናገር፣ ጻፊው ልል ነበር። ሁለት ሴት ይለያዩ፣ ምክንያቱም አንዷ ቀናች። ማሽኑ ይታዘዛል፣ አይፈርድም፣ ለሙሴ አይናገርም። ልጄ ግን ስትጽፈው አየኋት በልቤ፣ ፊደል በፊደል። በጣቷ።

«ተይው፣» አልኳት። «እንዳለ ይሁን።»

ጥቅምት ደረሰ። ድፎውን ጋገርን፣ ሳሎኑን አስለቀቅን፣ ሴቱ መጣ። እሷም መጣች፣ መስኮት ሥር ተቀመጠች። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ጽዋውን ሞልቼ፣ በነጩ ጨርቅ ይዤ፣ ተነሳሁ። ከመቀመጫዬ እስከ መስኮቱ ዘጠኝ እርምጃ አይሞላም። ሃያ ዓመት ነው የሄድኩት።

ተነስታ እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም፣ ማለቴ እጄ አልለቅም አለኝ። ለመሳም ስጠጋት በጆሮዋ፣ «ዓይኑስ የኔ ነበር፣» አልኳት። «ልጅቷንም አንቺንም የበላሁት እኔ ነኝ። ማሪኝ።»

ጉንጫችን ተነካካ። ከሃያ ዓመት በኋላ። ጉንጯ እንደኔው አርጅቷል።

«አውቃለሁ፣» አለችኝ፣ እሷም በሹክሹክታ። «አሁን ጽዋውን ልቀቂው፣ ልብሴ ላይ ይፈሳል።»

ለቀቅኩት። ሴቱ እልል አለ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ እንደ ደንቡ።

ታዲያ እርቅ ሲሆን ልብ ያርፋል ይላሉ አይደል? ልጄ ድፎውን ይዛ ያቺን ሴት እስከ መኪናዋ ሸኘቻት። መስኮቱ ላይ ሆኜ ጠበቅኩ። ፓርኪንጉ ላይ ቆመዋል። አንዷ ትናገራለች፣ ሌላዋ ትሰማለች። ከዚያ ያቺ ሴት እጇን ዝቅ አድርጋ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጋ አሳየቻት፣ ይህን ታክዪ ነበር ዓይነት። ልጄ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ለኔ እንደዚያ ስቃልኝ አታውቅም። ወይም ስቃ ይሆናል፣ እንዲህ ከሩቅ ሆኜ ስላላየኋት ነው። ያ የድሮው እሳት፣ ያ አንሶላ የሚያስጠመዝዘው፣ ቦታውን አልረሳም፤ መጥቶ ተቀመጠ።

ስትመለስ፣ «ምን አለችሽ?» አልኳት።

«የኔ ዳቦ አሉኝ።» ቆም አለች። «ረሳሁት አላልሽም?»

«ምስሩን አንሺልኝ፣» አልኳት።

ማሽኑን አሁን ብዙ አልጠላውም። የተነገረውን ነው የሠራው፣ ያልተነገረውን አልሠራም። ስልኬ ግን አይጮኽም። አንዳንዴ አንስቼ አየዋለሁ፣ ጠፍቶ ይሆን ብዬ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጄ ወደዚያች ሴት ቤት ልትሄድ ነው፤ የኅዳሩን ድግስ ልታግዛት። አራት ደቂቃ ነው። ቀሚስ ለብሳለች። እኔም ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር በእጅሽ ጻፊልኝ አልኳት፣ አጭር ናት ብዬ። ይሄው ስንት ሰዓት ሆነን። ሰዓቷን ሁለት ጊዜ አየች፣ ሦስተኛም አየች፣ ግን አልተነሳችም፤ የምለውን እየተከተለች ቀስ እያለች ትጽፋለች። ጸሐፊ እንደዚህ ነው የሚወደደው። ሌላም ልጨምርላት ነበር፣ ስለ ሆቴሉ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ እናቷ። ለምን እንደማስረዝመው ታውቃለች። ፊቷ ያስታውቃል፣ ስትጽፈው እየሳቀች ነው።

እሺ። ቁልፍሽን ያዢ። ብርድ ነው፣ ኮትሽን ደርቢ። ሂጂ።